ከሥዕል ገጽ ወደ ቪዲዮ ቤት፦ ልዕለ ጀግኖችና የቡና አገር ልጆች

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ከተደረገ ንግግር የተወሰደ ጽሑፍ)



በዚህ ጉባኤ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ፣ ለጆሮ ሲሰማ፣ ለመምህራን ስብሰባ የሚመጥን ላይመስል ይችላል። ርእሱ ከሥዕል መጻሕፍት ተወስደው፣ ሲኒማ አዳራሽ ሳይገቡ፣ በቀጥታ በቪዲዮ ስለሚወጡ የልዕለ ጀግኖች የካርቱን ፊልሞች ነው። ይሁን እንጂ በጅማ፣ በአጋሮ፣ በየቡ፣ በሊሙ ገነትና በጭራ የምታስተምሩ ሁሉ እንደምታውቁት፣ ተማሪዎቻችን በደብተራቸው የመጨረሻ ገጽ ላይ የሚሥሉት የሌሊት ወፍ ጆሮ ያለውን ጭንብልና በደረቱ ላይ ፊደል የተጻፈበትን ሰው ነው። ልጁ በገዛ ፈቃዱ፣ ማንም ሳያዝዘው የሚሥለውን ነገር አስተማሪው ንቆ ሊያልፈው አይገባም። ስለዚህ በመጀመሪያ እነዚህ ፊልሞች ምን እንደ ሆኑ፣ ቀጥሎም እኛ ዘንድ እንዴት እንደ ደረሱ፣ በመጨረሻም ምን ልናደርግ እንደሚገባን በአጭሩ ላስረዳ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የነገሩ ሥር የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ ነው። ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር የተባሉ ሁለት ወጣቶች የፈጠሩት ሱፐርማን በ1938 በአሜሪካ ታትሞ ወጣ፤ ባትማንም በ1939 ተከተለው። እነዚህ መጻሕፍት በርካሽ ወረቀት ላይ የሚታተሙ፣ ዋጋቸው ዝቅተኛ የሆነ፣ በየወሩ የሚወጡ ነበሩ። ፊልም ለመሆን ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ ዳሩ ግን ለረጅም ዘመን መንገዳቸው በሲኒማ አዳራሽና በቴሌቪዥን በኩል ብቻ ነበር።

የቪዲዮ ካሴት በየቤቱ ሲገባ ሌላ መንገድ ተከፈተ። በዚህ ጃፓናውያን ቀዳሚ ናቸው፤ በ1983 የወጣው «ዳሎስ» የተባለው ሥራ ለቪዲዮ ብቻ ታስቦ የተሠራ የመጀመሪያው የካርቱን ፊልም ሆኖ ይቈጠራል። አሜሪካኖች በ1994 «የጃፋር መመለስ» በተባለው የዲዝኒ ፊልም ገበያውን ሞከሩት። በልዕለ ጀግኖች ዘንድ ደግሞ «ባትማንና ሚስተር ፍሪዝ፦ ሰብዜሮ» በ1998 በቪዲዮ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ታላላቅ የሥዕል መጽሐፍ ድርጅቶች በየፊናቸው ተነሡ። ማርቭል ከላየንስጌት ጋር ሆኖ ከ2006 እስከ 2011 ስምንት ፊልሞች አወጣ፤ ከነዚህ ሁለተኛው ታሪኩን የሚያካሂደው በምሥራቅ አፍሪካ ትገኛለች ተብላ በተፈጠረችው በዋካንዳ ነው። ዲሲ በበኩሉ በ2007 «ሱፐርማን፦ ዱምስዴይ»ን አስቀድሞ፣ በየዓመቱ ሁለትም ሦስትም እያወጣ ረጅም ተከታታይ ሥራ መሠረተ።

አሠራሩን ማወቅ ለእኛ ለመምህራን ይጠቅማል። እንዲህ ያለ ፊልም አብዛኛውን ጊዜ ከ70 እስከ 80 ደቂቃ ይፈጃል። በአንድ ሴኮንድ 24 ምስል ያልፋል፤ እንግዲህ 75 ደቂቃ ማለት 108,000 ምስል ነው። አንዱን ሥዕል ሁለት ጊዜ እያሳዩ ቢቈጥቡ እንኳ ከ50,000 በላይ ይሆናል። ታሪኩ ተጽፎ፣ የገጸ ባሕርያቱ መልክ ተወስኖ፣ ድምፁም ተቀርጾ ካለቀ በኋላ፣ የሥዕሉን ሥራ በአብዛኛው የሚሠሩት የደቡብ ኮሪያ ስቱዲዮዎች ናቸው። መጽሐፉ ከፊልሙ ሲሰፋም ደራሲው መቀነስ ይኖርበታል፤ ፍራንክ ሚለር በ1986 ያወጣው የባትማን ታሪክ ግን ላለመቀነስ ሲባል በ2012ና በ2013 በሁለት ክፍል ተሠርቷል። ይህ ሁሉ የሚያሳየን ልጁ እንደ ቀላል የሚያየው ነገር የብዙ ሰው ላብ መሆኑን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። እነዚህ ፊልሞች አዳራሽ ስለማይገቡ በሀያስያን ዘንድ ብዙ ጊዜ እንደ ሁለተኛ ደረጃ ሥራ ይታያሉ። ነገር ግን አዳራሽ አለመግባታቸው አንድ ነፃነት ሰጥቷቸዋል። የአዳራሽ የካርቱን ፊልም ወጪውን ለመመለስ ቤተሰብን በሙሉ፣ ከሕፃን እስከ አያት፣ መጥራት አለበት። የቪዲዮው ፊልም ግን መጽሐፉን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያነብ ላደገው ጐልማሳ ሊሸጥ ይችላል። በመሆኑም ሥራው እየዋለ ሲያድር ለዐዋቂ የሚሆን ጭካኔ፣ ሞትና ሐዘን በብዛት የሚታይበት ሆነ። «ባትማን፦ ኪሊንግ ጆክ» በ2016፣ «ጀስቲስ ሊግ ዳርክ፦ አፖኮሊፕስ ዋር» በ2020 ሲወጡ፣ አሜሪካኖች ራሳቸው «አር» በተባለው ምልክት ለይተዋቸዋል። የዚህ ምልክት ትርጉም ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ ሊያየው አይገባም ማለት ነው።

ክቡራን ሆይ፣ አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር «ካርቱን» የሚለው ቃል «የሕፃን ነገር» ከሚለው ጋር አንድ ሆኖ ይኖራል። አባት ልጁን ሥዕል ሲያይ ካገኘው ልቡ ያርፋል፤ በአንጻሩ ሰው የሚጫወትበት ፊልም ቢሆን ኖሮ ጠጋ ብሎ ምንነቱን ይመረምር ነበር። የዕድሜው ምልክት በዕቃው ማሸጊያ ላይ ታትሞ የወጣ ነው፤ ፊልሙ ከማሸጊያው ተለይቶ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲገለበጥ ግን ምልክቱ በመንገድ ይቀራል። እንዲህ ሆኖ ለ20 ዓመት ጐልማሳ የተሠራው ሥራ በ8 ዓመት ሕፃን እጅ ይገባል። ጥፋቱ የሥዕሉ አይደለም፤ የፊልም ሠሪውም አይደለም። በማሸጊያውና በልጁ መካከል ሊቆም የሚገባው ሰው አለመኖሩ ነው።

ወደ ጅማና ወደ ዙሪያዋ የቡና ከተሞች እንመለስ። ከእነዚህ ከተሞች በብዙዎቹ ፊልም የታወቀው በሲኒማ አዳራሽ በኩል ሳይሆን በቪዲዮ ቤት በኩል ነው። አንድ ክፍል፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ በሩ ላይ የተሰቀለ መጋረጃ፤ አዳራሹ ይኸው ነበር። የሕንድ ፊልም፣ የካራቴ ፊልም፣ በኋላም በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ የተተረጐመ ፊልም የታየው በዚያ ነው። ካሴቱ በሲዲ፣ ሲዲው በፍላሽ፣ ፍላሹም በእጅ ስልክ ተተካ። ስለዚህ ለሌላው ዓለም «አዳራሽ ያልገባ» ማለት የማነስ ምልክት ሲሆን፣ ለእኛ ግን የተለመደው የፊልም መንገድ እርሱ ነው። የአጋሮ ልጅ ፊልሙ አዳራሽ ገባ አልገባ ግድ አይሰጠውም፤ እርሱ ዘንድ የሚደርሰው ሁሉ በአንድ በር የሚገባ ነውና።

በዚህ መንገድ ላይ የሚጐድለው ቋንቋ ነው። ፊልሙ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ልጁ ደግሞ በቤቱ አፋን ኦሮሞ ወይም አማርኛ፣ አንዳንዴም ሌላ የአካባቢ ቋንቋ ይናገራል። ስለሆነም ልጁ የሚከተለው ዱላውን እንጂ ክርክሩን አይደለም። ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም፤ በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ መልካሙ ነገር ብዙ ጊዜ በክርክሩ ውስጥ ነውና።

አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በ1988 የዲሲ ድርጅት የባትማን ረዳት የሆነው ወጣት ይሙት ወይስ ይኑር ብሎ አንባቢዎቹን በስልክ ድምፅ አሰጣቸው፤ 5,343 ሰው ይሙት ሲል 5,271 ሰው ይኑር አለ። በ72 ድምፅ ብልጫ ወጣቱ ሞተ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሌላ ደራሲ ይህን ወጣት ከሞት አስነሥቶ መለሰው፤ ይኸው ታሪክ በ2010 «ባትማን፦ አንደር ዘ ሬድ ሁድ» ተብሎ በቪዲዮ ወጣ። ወጣቱ ተመልሶ ጌታውን የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ የገደለኝን ሰው ለምን አልገደልክልኝም? ጌታው ደግሞ፣ አንድ ጊዜ ብገድል ከዚያ በኋላ መመለሻ የለኝም የሚል መልስ ይሰጠዋል። እንግሊዝኛ የማይሰማ ልጅ ከዚህ ፊልም የሚያስቀረው በብረት የተደበደበ ልጅ ምስልና የቤት ቃጠሎ ብቻ ነው። ቋንቋው የገባው ልጅ ግን ከአያቶቹ ዘመን ጀምሮ በአገሩ ሲመከርበት የኖረውን ጉዳይ ያገኛል። የደም ነገር በበቀል ይለቅ፣ በሕግ ይዳኝ ወይስ በጉማ ሥርዓት በካሳና በእርቅ ይፈታ? ጉማ ምን እንደ ሆነ ለጅማ ሽማግሌ ማስረዳት አያስፈልግም። በከፍተኛ ክፍል ይህንን ጥያቄ ከሬድ ሁድ ታሪክ አጠገብ አድርጎ የሚያቀርብ መምህር፣ የሥነ ዜጋም የሥነ ጽሑፍም ትምህርት በአንድ ጊዜ ሰጠ ማለት ነው። ፊልሙን ሳያሳይ፣ ታሪኩን በቃል ብቻ ነግሮ እንኳ ሊያደርገው ይችላል።

አንዳንድ ባልደረቦቻችን «ይህ ሁሉ ባዕድ ነው፤ ከባህላችን አይገጥምም» የሚል ተቃውሞ እንደሚያነሡ አውቃለሁ። ተቃውሞው በከፊል እውነት ነው፤ ልብሱና ከተማው የእኛ አይደለም። ጥበቡ ግን ባዕድ አይደለም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ የሚተርከው በሸራ ወይም በቆዳ ላይ የሚሣለው የአገራችን ሥዕል በተለመደው አሠራሩ በ44 ክፍል የተከፋፈለ፣ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ድርጊት የሚያሳይ፣ ከግራ ወደ ቀኝ የሚነበብ፣ ከሥዕሉ ጋር ጽሑፍ ያለበት ነው። የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ ማለትም ከዚህ የተለየ ትርጉም የለውም። አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ተብሎ እንደ ነበረም ሁላችንም እናውቃለን፤ ሰይጣንነቱ የቀረለት ሰው ገብቶ ካየው በኋላ ነው።

ሁለት ስም ያለው ጀግናም ለእኛ አዲስ አይደለም። ክላርክ ኬንት ሱፐርማን፣ ብሩስ ዌይን ባትማን ቢባሉ፣ እኛም የፈረስ ስም አለን። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ይባሉ ነበር። ከሁሉም ይልቅ ጅማ ራሷ የምትጠራው በፈረስ ስም ነው። ከ1878 እስከ 1932 የገዙት ንጉሥ ስማቸው ቱሉ ሲሆን፣ ዓለም የሚያውቃቸው ዳግማዊ አባ ጅፋር በሚለው ስም ነው፤ በጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው ቤተ መንግሥታቸውም በዚሁ ስም ይጠራል። እዚህ ላይ ግን ለተማሪ ሊነገር የሚገባው ልዩነት አለ። የአሜሪካኑ ሁለተኛ ስም ሰውየውን የሚሰውር ጭንብል ነው፤ የእኛው የፈረስ ስም ደግሞ ሰውየውን በአደባባይ የሚገልጥ ማዕረግ ነው። አንዱ መልካም ሲሠራ ይደበቃል፤ ሌላው ሥራውን በስሙ ይቀበላል፣ ቢያጠፋም በስሙ ይጠየቃል። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? ይህ ለድርሰት የሚሆን ጥያቄ ነው፤ መልሱንም ለተማሪዎቻችን መተው ይሻላል።

ሌላው ተቃውሞ «እኛ ልንሠራው አንችልም» የሚል ነው። የዚህን ተቃውሞ መልስ ራሳቸው ኢትዮጵያውያን ሰጥተውታል። ብሩክታዊት ጥጋቡ በአዲስ አበባ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች፤ የእኛው ባልደረባ መሆኗ ነው። በ2005 ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን መሥርታ፣ ፀሐይ የተባለችውን የቀጭኔ አሻንጉሊት ለቴሌቪዥን አበቃች፤ በ2010ም የሮሌክስን የወጣቶች ሽልማት አገኘች። ይኸው ድርጅት ቈይቶ «ጥበብ ገርልስ» የተባለውን ካርቱን ፈጠረ። በዚህ ሥራ ልዩ ኃይል ያላቸው ሦስት ኢትዮጵያውያት ልጃገረዶች የሚታገሉት ከሌላ ፕላኔት ከመጣ ጭራቅ ጋር ሳይሆን፣ ልጃገረዶችን ከትምህርት ገበታ ከሚያርቅ ጐጂ ልማድ ጋር ነው። በሥዕል መጽሐፍ በኩል ደግሞ ብስራት ደበበ በመሠረተው በኢታን ኮሚክስ አማካይነት «ጀምበር» በ2018 ታተመ፤ ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ወጣት ነው። ከዚያም «ሐዊ» የተባለችው ሴት ልዕለ ጀግና ተከተለች። ሥራ ፈላጊ ጀግና! ይህን የሚረዳ አንባቢ በጅማም በአጋሮም መቼ ጠፋ?

እነዚህን ከጠቀስኩ ዘንድ አንድ የውጭ ሰውም ልጨምር። ድዌይን ማክደፊ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ደራሲ፣ በሥዕል መጻሕፍት ውስጥ የወገኖቹን መልክ ቢያጣ፣ በ1993 ከጓደኞቹ ጋር ማይልስቶን የተባለ የራሳቸውን ድርጅት አቋቋመ። ያ ሥራው በትላልቆቹ ድርጅቶች ከመሥራት አላገደውም፤ ለዲሲ የቪዲዮ ፊልሞች ድርሰት ጽፏል። ከነዚህ አንዱ «ኦል ስታር ሱፐርማን» ነው፤ መሞቱን ያወቀው ሱፐርማን በቀረው ጊዜ ለሌላው የሚተርፍ ሥራ ሊሠራ የሚደክምበት ታሪክ ነው። ማክደፊ የካቲት ወር 2011 ላይ ፊልሙ ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው አረፈ። የሰው ሥራ መማርና የራስን መሥራት የሚቃረኑ አለመሆናቸውን የዚህ ሰው ሕይወት ይመሰክራል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሦስት ነገር ለማኅበሩ አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ በየትምህርት ቤታችን የወላጆች ስብሰባ ላይ «ሥዕል ሁሉ የሕፃን አይደለም» የሚለውን ቃል ደጋግመን እንናገር። ከልካይ እንሁን ማለቴ አይደለም፤ የተከለከለ ፊልም ከፍላሽ አይጠፋም። ይልቅስ ወላጅ ወይም ታላቅ ወንድም ልጁ ከማየቱ በፊት ጥቂት ደቂቃ ይይ፤ ወይም ከጐኑ ተቀምጦ አብሮ ይይ። የቪዲዮ ቤት ባለቤቶችም የከተማችን ሰዎች ናቸው፤ በአክብሮት ብናነጋግራቸው፣ በተለይ ቡና በሚለቀምበት ወራት የልጆች እጅ ገንዘብ ሲያገኝ፣ ለልጅ የሚሆነውንና የማይሆነውን በሰዓት ለመለየት እንቢ የሚሉ አይመስለኝም።

ሁለተኛ፣ ልጁ ያየውን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይተርክልን። በምሽት ኦዱ ዱሪ ወይም ተረት ሲሰማ ያደገ ልጅ መተረክ ያውቃል። ፊልሙን ሲተርክ የጐደለውን ክርክር ራሱ ይፈጥራል፤ ቃል የሚያጣበት ቦታም ለመምህሩ የትምህርት መነሻ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ የራሳችንን የሥዕል ታሪክ እንጀምር፤ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም። ወጪው ወረቀትና እርሳስ ነው፤ ስምንት ገጽ፣ በየገጹ ስድስት ሥዕል ይበቃል። የሚተረክ ነገር ከጠፋ ከደጃችን እንፈልግ። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገራችን ገባ፤ በኬንያ በ1922 የታወቀ፣ አረንጓዴውን ፍሬ በዛፉ ላይ እንዳለ አጥቁሮ የሚያደርቅ በሽታ ነው። ገበሬው ከጥላ ዛፉ ሥር ቆሞ የዓመት እንጀራው ሲጠቁር ያይ ነበር። መፍትሔው ከባሕር ማዶ አልመጣም፤ ባለሙያዎች በደቡብ ምዕራብ ጫካዎቻችንና በገበሬው ማሳ እየዞሩ፣ ጎረቤቱ ሲሞት ያልሞተውን ዛፍ ፈለጉ፣ ዘሩንም በጅማው በመልኮ የምርምር ጣቢያ ፈተኑ። ዛሬ ገበሬው 74110 እና 74112 እያለ የሚጠራቸው ዝርያዎች ቊጥራቸው የሚጀምረው ከተመረጡበት ከ1974 ዓመት ነው። ጠላት አለ፤ ጥፋት አለ፤ ፍለጋ አለ፤ በሽታ የማይነካውና በስም ፈንታ በቊጥር የሚጠራ ጀግና አለ። ይህን የሚሥል ልጅ ከክፍላችን አይታጣም።

ክቡራን ባልደረቦቼ፤ የእነዚህን ፊልሞች መምጣት ልናስቀረው አንችልም፤ ልናስቀረውም አይገባም። ቡናችን በመርከብ ወጥቶ በሌላው አገር ስኒ ውስጥ ሲቀዳ ማንም ባዕድ ነው ብሎ አልመለሰውም፤ የሌላው አገር ታሪክም ወደ እኛ ቢመጣ የሚያስደነግጥ አይደለም። ነገር ግን እሸት ቡና ተለቅሞ፣ ተፈልፍሎ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተለይቶ ነው ለገበያ የሚቀርበው፤ ከዛፉ እንደ ተሸመጠጠ ማንም አያፈላውም። ልጆቻችን የሚያዩትን ነገር ግን እንደ ተሸመጠጠ እየሰጠናቸው ነው። መለየት የገበሬው ሥራ እንደ ሆነ ሁሉ፣ በዚህ ጉዳይ መለየት የእኛ ሥራ ነው። በሚመጣው ዓመት ጉባኤያችን እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በተማሪዎቹ የተሣለ አንድ የሥዕል ታሪክ ይዞ እንዲመጣ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ውሳኔውም የጉባኤው ነው።